ክኒኑና የሶያ ወተቱ አይገናኙ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕድሜዬ 46 ነው። እንቅርቴ በኦፕራሲዮን ከወጣ ወዲህ በየቀኑ ሊቮታይሮክሲን የሚባለውን የታይሮይድ ክኒን እውጣለሁ። በጾም ጠዋት ጠዋት ክኒኑን በሶያ (በአኩሪ አተር) ወተት ነው የማወራርደው። ፋሲካ ሰሞን ስመረመር ሆርሞንሽ ዝቅ ብሏል ተባልኩ። ጎረቤቴ «ሶያው ነው ጉድ የሠራሽ፣ ካልቦካ መርዝ ነው» አለችኝ። ይህን የሰማው ባለቤቴ ደግሞ አኩሪ አተር የገባበት ሽሮ ወንድነት ይቀንሳል ብሎ አልበላም አለ። ልተወው ወይስ እያቦካሁ ልጠቀም?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጎረቤትዎ ግማሹን ልክ ናቸው። ሶያው እጁ ሳይኖርበት አይቀርም። መርዝ ስለሆነ ግን አይደለም፤ ከክኒኑ ጋር አብሮ ስለገባ ነው።

ክኒኑ ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ነው። እዚያ ሶያ ካገኘው ከፊሉ ሳይመጠጥ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ለምሳሌ እርስዎ 100 ማይክሮግራም ውጠው ሰውነትዎ የሚያገኘው ከሚገባው ያነሰ ይሆናል ማለት ነው። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ ያለ ምክንያት መወፈር ከዚያ ይመጣል።

ስለዚህ ክኒኑን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጡት። ቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። ቡናም እንደዚያው። ይህን ስናገር ብዙ ታካሚ ፊቱን ያጠቁርብኛል፣ ግን ቡናም ክኒኑን ይሻማል። ሶያውን፣ እንዲሁም የደም ማነስ የብረት ክኒን ወይም ካልሲየም የሚወስዱ ከሆነ እነሱንም፣ 4 ሰዓት ያህል ያርቋቸው። የታይሮይዱን ክኒን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከዋጡ የሶያ ማኪያቶዎን 4 ሰዓት ላይ መጠጣት ይችላሉ።

እስከ 9 ሰዓት ውሃም የማይቀምሱ ከሆነስ? ብዙ ሰው በጾም ክኒኑን ጭራሽ ይተወዋል። አይተዉት። ከእራት 3 ሰዓት ቆይቶ፣ ሊተኙ ሲሉ መውሰድ ይቻላል፤ ማታ የተወሰደውም እንደ ጠዋቱ ይሠራል። እራቱ ቀለል ይበል፣ ሶያም አይግባበት። ሰዓቱን ከመቀየርዎ በፊት ግን ለሚከታተልዎ ሐኪም ይንገሩት፤ ከንስሐ አባትዎም ጋር ይነጋገሩ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ማለትም ስምንት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የመድኃኒቱ መጠን ወይም አወሳሰድ ሲቀየር ሆርሞኑ አዲስ ልክ ላይ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። ፋሲካ ሰሞን ደም ሲሰጡ ውጤቱ የሚያሳየው የጾሙን አወሳሰድ ነው። ሐኪሙ ስለ ሶያው ካልሰማ «ክኒኑ አንሷታል» ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ጾሙ ይፈታል፣ ሶያው ይቀራል፣ የተጨመረው ክኒን በሙሉ ይመጠጣል። ሰኔ ላይ ልብዎ ድው ድው ይላል፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ላብ ይላል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል። በዚህ መካከል መጠን ተጨምሮልዎት ከሆነና እነዚህ ምልክቶች ከመጡ ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። ክኒኑን በራስዎ አይቀንሱ፣ አይጨምሩም።

ወደ ማቡካቱ እንምጣ። ቢቦካም ባይቦካም ከክኒኑ የሚለይበት ሰዓት ያው ነው። «ካልቦካ መርዝ» የሚባለው ምንጩ ጥሬው አኩሪ አተር ይመስለኛል። ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው፤ በደንብ ሳይበስል የበላ ሰው ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል። ይህን ነገር እሳት ያጠፋዋል። ቶፉ (ከሶያ ወተት የሚሠራው አይብ መሳይ ምግብ) እና የሶያ ወተት ሳይቦኩ ነው ለዘመናት በቻይናና በጃፓን ሲበሉ የኖሩት።

ቤት ውስጥ የሶያ ወተት የሚያዘጋጁ ከሆነ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ገና ሳይፈላ አረፋው ገንፍሎ ይወጣል። ያኔ «ፈላ» ብለው ያወርዱታል፤ ስህተቱ ይህ ነው። አረፋውን እያበረዱ፣ እያማሰሉ፣ በትክክል መፍላት ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያንተክትኩት። ለሽሮ ሲሆን ደግሞ አኩሪ አተሩን አሳድረው ይዘፍዝፉ፣ ውሃውን ይድፉት፣ በአዲስ ውሃ ይቀቅሉት፣ ገለባውን አሽተው ያውጡ፣ ያድርቁት፣ ከዚያ ቆልተው ከሽምብራው ጋር ያስፈጩ። ያ ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታም ይቀንስልዎታል።

ማቡካት የራሱ ጥቅም አለው፣ እሱን አልክድም። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ሲቦካ ይቀንሳል። ለዚህ ግን ከእስያ ቴምፔ የሚባለውን የቦካ አኩሪ አተር ማስመጣት አያስፈልግዎትም። እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን የቦካ የጤፍ ሊጥ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ከባቄላ ዱቄት፣ ከሱፍና ከሰናፍጭ የሚሠራው ስልጆም ከቦካው ወገን ነው። ከቦካው አኩሪ አተር ሱፐርማርኬት ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ሶይ ሶስ ነው፤ እሱ ደግሞ ጨው በጨው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያው ከ2 ግራም በላይ ጨው ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የሚፈቅደው ከ5 ግራም በታች ነው። ግፊት ካለብዎ ይለፍዎት።

አኩሪ አተሩን አይተዉት። ከደረቁ ፍሬ ሲሶ የሚሆነው ፕሮቲን ነው፤ ምስርና ሽምብራ እዚያ አይደርሱም። ለሚጾም ሰው ትልቅ ነገር ነው። ቫይታሚን ቢ12 ግን፣ ማሸጊያው ላይ «ተጨምሮበታል» ካልተባለ በቀር፣ ከሶያ ወተት አይጠብቁ። እንጀራም አይሰጥዎትም። ጾም ሲፈታ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከሥጋ ያገኙታል።

ባለቤትዎ ሽሮአቸውን ይብሉ። አኩሪ አተር ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር እንዳለው እውነት ነው፣ ግን አቅሙ ደካማ ነው። ወንዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ዝቅ ሲያደርግ አልታየም። ለእኔ እንኳ ከዚያ ይልቅ ሲጋራውና መጠጡ ካለ እሱ ያሳስበኛል።

አሁን አወሳሰዱን ካስተካከሉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተው የታይሮይድን ልክ የሚያሳየውን ቲኤስኤች የሚባለውን የደም ምርመራ ይድገሙ። የምርመራው ዕለት ጠዋት ክኒኑን ይዘው ይሂዱና ደም ከሰጡ በኋላ ይዋጡት። ለሐኪምዎም መቼ እንደሚውጡት፣ በምን እንደሚያወራርዱት፣ ጾም ላይ እንደነበሩ ሳይጠየቁ ይንገሩት።