ጠይቁን፦ ዓሣው ለመራባት ሲሰበሰብ መረቡ የት ይሁን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ዓሣ ማጥመድ ነው፤ አባቴም ያሳደጉን በእሱ ነው። ሰሞኑን በቴሌቪዥን ስለ ባሕር ደሴቶች አንድ ዝግጅት አየሁ። ኮራል የሚባለውን ነገር ለማዳን ብለው አንዳንዱን ዓሣ እንዳይጠመድ ከልክለዋል፤ አንዳንዱን ቦታ ደግሞ ጭራሽ ዘግተውታል። እኛንም ክረምት ሲገባ ወንዝ አፍ ላይ መረብ አትጣሉ ይሉናል። የድሃ እንጀራ ተዘግቶ ዓሣ የተረፈበት አገር እውነት አለ? ወይስ ወሬ ብቻ ነው?
አጥማጁ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለ። ዘግተው ምንም ያልተገኘበትም አለ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ለጣናም የሚጠቅመው እሱ ነው።

መጀመሪያ ስለ ኮራሉ። ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት አለው። ጥቃቅን እንስሳት አንድ ላይ ሆነው ኖራ እየደራረቡ በብዙ ሺህ ዓመት የሚሠሩት ነው። ሞቅ ያለ፣ ጥርት ያለና ጨዋማ ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጣና ላይ የለም። ለእኛ ቅርብ የሚባለው ቀይ ባሕር ላይ፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ያለው ነው።

የኮራል ትልቁ ባላንጣ አልጌ ነው፤ ድንጋይ ላይ እንደ ሣር የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር። አልጌው ከበዛ ኮራሉን ይሸፍነዋል፣ አዲስ ኮራል የሚያርፍበት ቦታም ያሳጣል። ይህን አልጌ እየጋጡ የሚያጸዱ ዓሦች አሉ፤ ዋናው አፉ የበቀቀን ምንቃር የሚመስለው ፓሮትፊሽ ነው። ጃማይካ ላይ እነዚህ ዓሦች ለረጅም ዘመን ያለ ልክ ተጠመዱ። ያኔ የግጦሹ ሥራ በአብዛኛው በአንድ እሾሃማ የባሕር ፍጥረት ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1983 እና 84 ያ ፍጥረት በመላው ካሪቢያን በበሽታ አለቀ። ዓሣው ቀድሞ አልቋል፣ ተተኪው ሞተ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በ1980 ከባድ አውሎ ነፋስ ኮራሉን ሰባብሮት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባሕሩ ወለል ግማሽ ያህሉን ሸፍኖ የነበረው ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከመቶ 5 እጅ በታች ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ዓሣን፣ ዓሣው በሚሠራው ሥራ እየለየ መጠበቅ የጀመረው። ሃዋይ ውስጥ ማዊ በምትባለው ደሴት፣ ካሄኪሊ በሚባል ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከለከለው አልጌ የሚበላው ብቻ ነው። ሌላውን ዓሣ ማጥመድ ይቻላል። እኔ ይህን አካሄድ እወደዋለሁ፤ አጥማጁን ከውሃው አያባርርም፣ የትኛውን መተው እንዳለበት ብቻ ይነግረዋል።

ያንተን ጥያቄ በቀጥታ የሚነካው ግን ሌላ ነው። ካሪቢያን ውስጥ ናሳው ግሩፐር የሚባል ትልቅ ዓሣ አለ። ዓመቱን ሙሉ ተበታትኖ ይኖርና በእነሱ የብርድ ወቅት ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ከያለበት መጥቶ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ እዚያ ይራባል። ቦታውን ያወቀ አጥማጅ በጥቂት ቀን ውስጥ የአካባቢውን ዘር ሁሉ ሊጠርገው ይችላል፤ በብዙ ደሴቶችም የሆነው ይኸው ነው። ኬይማን ደሴቶች ውስጥ፣ ሊትል ኬይማን አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ 7,000 የሚጠጋ ዓሣ የሚሰበሰብበት ቦታ ተገኘ። በሁለት የመራቢያ ወቅት ብቻ 4,000 ያህሉ ተጠመደ። በ2003 መንግሥት የመሰብሰቢያ ቦታዎቹን ዘጋ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የረባ ለውጥ አልታየም፤ አስበው፣ ያን ጊዜ “በከንቱ ነው የከለከላችሁን” የሚል ሰው ብዙ ይሆናል። ግን ጸኑ፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ቁጥሩ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ፤ ምክንያቱም የእኛ ነጭ ዓሣ የሚያደርገው ቁርጥ ይህንኑ ነው። ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ጣና ውስጥ አሉ፤ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለያቸው እዚሁ ተፈጠሩ፣ እዚሁ ቀሩ ማለት ይቻላል። ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ፣ በተለይ ነሐሴና መስከረም ላይ፣ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይ አፍ ተሰብስበው ሽቅብ ይወጣሉ፤ ጠጠራማ ቦታ ፈልገው እንቁላል ይጥላሉ። ወንዝ አፍ ላይ የተዘረጋ መረብ ታዲያ ገና ያልወለደችውን እናት ነው የሚይዘው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ወንዙ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ይበትናል፤ ያ ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይገድላል። ፊሊፒንስ ኮራል ላይ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ሲረጩ የኖሩት ሰዎች ካደረጉት በምንም አይለይም።

ድሮ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ብቻ ይጠመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፣ ገበያውም ሰፋ። ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በ1991 እና በ2001 የተደረጉት ጥናቶች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣው መጠን 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ፤ ጫጩቱ ደግሞ ከዚያም በባሰ። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው) እና አምባዛ እንዲህ አልተጎዱም። ነጭ ዓሣ ቶሎ አይደርስም፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ በዓመት አንዴ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ከሁሉም በፊት የሚያልቀው እሱ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ፤ እሱም እንደ ጣና የራሱ ብቻ የሆኑ የዚህ ወገን ዓሦች ነበሩት። ዛሬ እነዚያ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ጣና ላይ ያሉት ሲጠፉ ከየትም አይመጡም። ይህን ስጽፍ ሆዴን ይበላኛል።

“የድሃ እንጀራ” ወዳልከው ልመለስ። ልክ ነህ፣ ዕዳው የሚወድቀው ባንተ ላይ ነው። ስለዚህ ፊሊፒንስ ውስጥ አፖ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ታሪክ ስማ። በዲናሚትና በመርዝ ያጠምዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 አካባቢ አንጄል አልካላ የሚባሉ የባሕር ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው ከነዋሪው ጋር ብዙ ተነጋገሩ፣ ከደሴቲቱ ዳርቻ ትንሽ ቁራሽ ቦታ ብቻ እንዲዘጋ ተስማሙ። የሚጠብቀውም ነዋሪው ራሱ ሆነ። ዓመታት ካለፉ በኋላ በተዘጋው ውስጥ ዓሣው በዛና ወደ ውጭ መውጣት ጀመረ፤ አጥማጁም ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የሚይዘው ተሻለ። ፓላው ደሴቶች ላይ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ከጥንት ጀምሮ አንድ ዳርቻ ለጊዜው ዝግ ነው ይላሉ፣ ሰውም ይታዘዛል፣ ሲደርስ ይከፈታል።

እኛ ጋ ሕግ አልጎደለም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የጎደለው አጥማጁ የተስማማበት ድንበር ነው። በእኔ እምነት ሐይቁን በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የአራቱን ወንዞች አፍ ብቻ አጥብቆ መዝጋት ይሻላል። ያን ጊዜ ሐይቁ መሐል ቆሮሶና አምባዛ ታጠምዳለህ፣ እንጀራህ አይቋረጥም። መዝጋቱም ለሁሉም እኩል ይሁን፤ አንተ መረብህን አውጥተህ ሌላው በሌሊት ሞኖፊላመንት የሚባለውን የፕላስቲክ መረብ የሚዘረጋ ከሆነ ማንም ሁለተኛ አይታዘዝም። ማኅበር ካላችሁ ከክረምቱ በፊት ተሰብሰቡ፣ የቱ አፍ ከየት እስከ የት እንደሚዘጋ ራሳችሁ ምልክት አድርጉ፣ ጥበቃውንም በተራ ያዙ፤ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያንን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ እኔ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። በጾም ዓሣ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ ፍልሰታ ላይ ደግሞ ነጭ ዓሣ በሽ ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። መግዛት ጥፋት ነው እንዴ?
ከሽምብጥ

መልስ፦ እህቴ፣ ፍልሰታ ነሐሴ ላይ ነው፤ ነጭ ዓሣ የሚበዛውና የሚረክሰውም ለዚሁ ነው፣ ወንዝ አፍ ላይ ስለተሰበሰበ። ሆዱ ሲከፈት እንቁላል ሞልቶት ካየሽ ከየት እንደመጣ ገብቶሻል ማለት ነው። ያን ሰሞን ቆሮሶና አምባዛ ግዢ። ቆሮሶም እንቁላሉን አፉ ውስጥ ይዞ ያሳድጋልና እሱን የምታሳድገው እናት ብዙ አትርቅም፤ ደንገሉ ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው የምትገኘው። ስለዚህ ከዳር በጠባብ መረብ የተለቀመ፣ ከመዳፍሽ ብዙም የማይበልጥ ትንንሽ ቆሮሶ ሲያመጡልሽ አትቀበዪ። ለሚያመጣልሽ ሰው ምክንያቱን በደግ ንገሪው። አንቺ በየቀኑ ትገዢዋለሽ፤ ከተቆጣጣሪ ይልቅ አንቺን ነው የሚሰማው።

ጥያቄ፦ የዜጌ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል። ዓሣው የጠፋው በእምቦጭ ነው ወይስ በመረብ? እምቦጩ ቢነቀል ይመለሳል?

መልስ፦ አባቴ፣ በሁለቱም ነው፤ ግን ነጭ ዓሣው መቀነስ የጀመረው እምቦጭ ሳይመጣ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት ጥናት ያለቀው ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ነው። እምቦጭ ውሃውን ይሸፍናል፣ ከሥሩ አየር ያሳጥራል፣ ዓሣ የሚራባበትን ዳርቻ ይወርሳል፣ ጀልባም አያሳልፍም። እሱን የሚያደልበው ከእርሻና ከከተማ በጎርፍ የሚመጣው ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው። ከደጋው የሚወርደው አፈርም ዓሣ እንቁላል የሚጥልበትን ጠጠር ይደፍነዋል።

በኮራል ደሴቶችም ያው ነው። ዳገቱ ከተራቆተ አፈሩ ኮራሉን ያለብሰዋል፤ ዓሣ ማጥመድን ብቻ መከልከል አያድነውም። ከዚያ በላይ ደግሞ የባሕሩ ሙቀት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2016 ውሃው ሲሞቅ በብዙ አገር ኮራሉ ነጥቶ ሞተ፣ በደንብ ይጠበቅ የነበረው ሳይቀር። ስለዚህ እምቦጩ ይነቀል፣ እርከኑም ይሠራ፣ ርብ ላይ የተሠራውን ግድብ ዓይነት ሥራ ሲታሰብም ዓሣው በየት እንደሚወጣ አስቀድሞ ይጠየቅ። መረቡ ግን ዛሬውኑ ከወንዝ አፍ ሊነሳ ይችላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ማሽንም አይጠብቅም። ዜጌ ላይ የእርስዎን ቃል የሚሰሙ ወጣቶች አሉና በዚህኛው እርስዎ ይጀምሩልን።