ጨርቅ መሳዩ ከረጢትና ቅጠል የተሳለበት ሳሙና

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እንዴት ናችሁ። የምኖረው ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ነው። ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ከጸደቀ ወዲህ ሱቆች ጨርቅ መሳይ ከረጢት እየሸጡልን ነው፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለው «ኢኮ ፍሬንድሊ» ይላል። ባለፈው ደግሞ «ለተፈጥሮ ተስማሚ» የሚል ፈሳሽ ሳሙና ከሌላው አስወድደው ሰጡኝ። እውነት ነው ወይስ እየተሸወድኩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከረጢቱ ላይ በከፊል ተሸውደሻል። ያ ጨርቅ የሚመስለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ የማዳበሪያ ጆንያ የሚሰራበት ማለት ነው፣ ልዩነቱ ክሩ አልተሸመነም በሙቀት ነው የተጣበቀው። ሶስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካየሽበት እሱው ነው (ብዙ ሰው ሶስት ማዕዘኑን ሲያይ ተመልሶ የተሰራ ይመስለዋል፣ የፕላስቲኩን አይነት ነው የሚናገረው እንጂ)። ምልክት ከሌለው ከጠርዙ ትንሽ ቁረጪና በመቆንጠጫ ይዘሽ ደጅ ለኩሺው፣ ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ አመድ ይሆናል፣ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና ሲበርድ ይደርቃል።

ግን አትጣይው! ደጋግመሽ ከያዝሽው ከፌስታል ይሻላል፣ ችግሩ በየቀኑ አዲስ መግዛቱ ላይ ነው። ጥጥም ቢሆን ዝም ብሎ አይታመንም፣ የዴንማርክ አካባቢ ጥበቃ መስሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2018 ያወጣው ጥናት ለአየር ንብረት ብቻ እንኳን ቢታይ የጥጥ ከረጢት ከፌስታል እንዳይብስ ቢያንስ 52 ጊዜ መያዝ አለበት ይላል። ቤትሽ ዘንቢል ካለ ደሞ ምን አስገዛሽ?

«ባዮዲግሬደብል» (በስብሶ የሚጠፋ ማለት ነው) ብለው ፌስታል ካመጡልሽ «ኦክሶ» የሚል እንዳለበት እዪ። እሱ ተሰባብሮ ደቃቅ ፕላስቲክ ነው የሚሆነው፣ የአውሮፓ ህብረትም ከ2021 ጀምሮ ከልክሎታል።

ሳሙናው ላይ «ለተፈጥሮ ተስማሚ» ማለት ለኔ ምንም አለማለት ነው። «ፎስፌት የሌለው» (ፎስፌት አንዳንድ ሳሙና ውስጥ የሚጨመር ኬሚካል ነው) ቢል ግን የሚጣራ ነገር ተናግሯል፣ ለእናንተ ደሞ ቁም ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሀዋሳ ሀይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ከከተማው በቦይም በጎርፍም ታጥቦ የገባው እዛው ነው የሚጠራቀመው፣ ፎስፌት ደግሞ አልጌ የሚባለውን ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ያበዛል። «አይሶ 14001» የሚል ማህተምም አያስደንግጥሽ፣ እሱ ስለ ፋብሪካው የአሰራር ስርዓት እንጂ ስለ ሳሙናው አይደለም። ጀርባውን ገልብጪና ምን እንደገባበት አንብቢ፣ ካልተጻፈ ባለሱቁን ጠይቂው፣ እሱም ካላወቀ ርካሹን ገዝተሽ ቆጥበሽ ተጠቀሚ።