ወንበሩ ላይ ለሚቀመጠው ሰው ጻፉ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ሁለት ወጣቶች ኖታቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። ለቫዮሊን፣ ከሱ ትንሽ ለሚተልቀው ለቪዮላና ወፍራም ድምፅ ላለው ለቼሎ የጻፉት ቅንብር ነው። ከላፕቶፕ ሲያሰሙኝ ደስ ይላል። ስኮሩን፣ የሁሉም መሣሪያ ኖታ አንድ ላይ የተጻፈበትን ወረቀት፣ ዘርግቼ ሳይ ግን ጣቴ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቼሎው አንድ ድምፅ ይዞ ስምንት ባር (እያንዳንዱ አራት ምት ነው) ሙሉ ይቆያል፤ ሁሉም በአንድ ቀስት እንዲሳብ ተጽፏል። ፍጥነቱ በደቂቃ 72 ምት ነው። አብረን አሰላነው፤ ወደ 27 ሰከንድ መጣ። «ይሄን ማን ይችለዋል?» አልኳቸው። ተያዩ። ኮምፒውተሩ ቀስት አያልቅበትም። ሰው ግን ያልቅበታል።

እነሱን ከሸኘሁ በኋላ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ለእነዚህ በቀስት ለሚሳቡ መሣሪያዎች፣ ለስትሪንግ፣ እያቀናበርኩ በግሌ መሥራት ከጀመርኩ 30 ዓመት አልፎኛል። ደሞዝ የለኝም፣ ቢሮም የለኝም። ስልክ ከጠራ ሥራ አለ፤ ካልጠራ የለም። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተማርኩትን ጨምቄ ብነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ የምትጽፉት ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ለዚያ ሰው እጅ፣ ለዚያ ሰው ዓይን፣ ለዚያ ሰው ጊዜ። የሙያውም የገንዘቡም ጉዳይ ከዚህ ይነሳል።

ከእጁ እንጀምር። የቫዮሊን አራቱ ክሮች ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ናቸው። የቪዮላና የቼሎ ደግሞ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ። አሁን ትዝታ ሜጀርን ከሲ ጀምራችሁ ጻፉት፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። አያችሁ? የኳርቴቱ፣ ማለትም የሁለት ቫዮሊን፣ የአንድ ቪዮላና የአንድ ቼሎ፣ ክፍት ክሮች (በጣት ሳይያዙ የሚጮኹት) በሙሉ ትዝታው ውስጥ አሉ። ቀስት ያልነካቸው ክሮች እንኳ አብረው ያስተጋባሉ፤ አራት ሰው ስምንት ሰው ይመስላል። ከዚያ ዘፋኙ ይመጣና «ትንሽ ከፍ በልልኝ» ይላል። ግማሽ ድምፅ ከፍ ስታደርጉት ዲ ፍላት ላይ ናችሁ። አንድም ክፍት ክር አልቀረላችሁም። ድምፁ ይጠባል፣ ቃናውን ማስማማትም ይከብዳል።

ይህ የደረሰብኝ ቀረጻው ሊደረግ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ኪዩን፣ ዘፈኑ የተመሠረተበትን ድምፅ፣ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ቀየርኩና ተኛሁ። በማግስቱ ስቱዲዮ ውስጥ የሰማሁት ግን የኔ ቅንብር አልመስል አለኝ። ወፍራም የነበረው ቦታ ሁሉ ሳስቷል። ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ቁጭ ብሎ እንደገና መጻፍ ነበር፤ ድርብ ድምፆቹን (ሁለት ክር አንድ ላይ የሚሳብባቸውን) መቀነስ፣ ዜማውን በኦክታቭ (ያንኑ ድምፅ ከላይ ወይም ከታች በመድገም) ማጠናከር፣ ቼሎውን ወደሚመቸው ቦታ ማውረድ። ኪዩን የሚመርጠው ዘፋኙ ነው፣ ልክም ነው፤ ዘፈኑ የሚቆመው በሱ ጉሮሮ ነው። እናንተ ግን ገና ሥራውን ስትቀበሉ «በየትኛው ኪይ ነው የምትዘፍነው? ቆመህ ዘፍነህበት አይተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ነገር ቅኝት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። አምባሰልን ከሲ ጻፉት፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ሜጀሩን ከማይነሩ የሚለየው ሦስተኛ ድምፅ እዚህ የለም። ኢም የለም፣ ኢ ፍላትም የለም። በኪቦርድ የሠለጠነ እጅ ግን ሲ ላይ ሲያርፍ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) መሙላት ይወዳል። ኢ ሲጨምር ዘፈኑ ሜጀር ይሆናል፤ ኢ ፍላት ሲጨምር ማይነር ይሆናል። በሁለቱም መንገድ አምባሰልነቱ ይሄዳል። አድማጩ ምን እንደጎደለ ባይነግራችሁም ይሰማዋል፤ እናቴ ራሷ ትሰማዋለች። ያንን ባዶ ቦታ ባዶ ተዉት። ቼሎው ሲንና ጂን ብቻ ይያዝ። ቪዮላው ዜማውን ከታች ይከተል። የኛ ቅኝት ከምዕራቡ መሣሪያ ጋር እንዴት ይስማማ የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። አርመናዊው የሙዚቃ አቀናባሪ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት፣ ብዙ የደከመበት ነገር ነው። ጥያቄው አሁን እናንተ እጅ ላይ ነው።

መልሱ ሲጠፋኝ እኔ ወደ ማሲንቆ ነው የምሄደው። አዝማሪው ሲዘፍን ማሲንቆው ዜማውን ተጠግቶ ይሄዳል። አዝማሪው ዝም ሲል ማሲንቆው ይናገራል። ግጥሙ ላይ አይጮህበትም። ብዙ ወጣቶች አሥር ሐሳብ ይዘው ይመጡና አሥሩንም ቃሉ ላይ ይጭኑታል። ዘፋኙ አፉን በከፈተበት ቦታ ቀለል በሉ፤ ሐሳባችሁን በዝምታው ላይ አውጡት።

አሁን ስለ ዓይኑና ስለ ጊዜው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎበዝ የስትሪንግ ተጫዋች አለ፣ ብዙ ግን አይደለም። አሥራ ሁለት ሰው የሚከፍል ፕሮዲዩሰር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ አራት ሰው ይዘን ሦስት ጊዜ እንቀርጻለን። ይህን ስታደርጉ በየዙሩ ወንበር አቀያይሯቸው፣ የአንደኛና የሁለተኛ ቫዮሊኑን ፓርት (እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያነበውን ኖታ) አለዋውጡ፣ ማይኩንም ትንሽ አራቁት። ካልሆነ ያው አራት ሰው ሦስት ጊዜ ተደራርቦ ነው የሚሰማው። የአራት ደቂቃ ዘፈን በ72 ፍጥነት 72 ባር ገደማ ነው። የሦስት ሰዓት ቀጠሮ ውስጥ ይህን ሦስት ጊዜ መቅረጽ ይቻላል፤ ፓርቱ ንጹሕ ከሆነ። የቀስቱ አቅጣጫ ካልተጻፈ፣ ገጹ የሚገለበጠው እጅ በተያዘበት ቦታ ከሆነ፣ የባር ቁጥር ከሌለው ግን የመጀመሪያው ሰዓት በጥያቄ ያልቃል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ የቀረውንም ይዞት ይሄዳል። ፓርት አትማችሁ ስትጨርሱ ወንበር ላይ ተቀመጡና በእጃችሁ እየገለበጣችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት። እኔ እስካሁን አደርገዋለሁ።

ፋይላችሁንም ጠብቁ። ፊናሌ የሚባለውን የኖታ ፕሮግራም አምራቹ ከ35 ዓመት በኋላ ከእንግዲህ አላሳድገውም ብሎ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ አሳውቋል። ሥራችሁን ሁሉ ሌሎች የኖታ ፕሮግራሞችም በሚከፍቱት በሚውዚክ ኤክስ ኤም ኤልም በፒዲኤፍም አስቀምጡ። ለጀማሪ ደግሞ ሚውዝስኮር የሚባል የኖታ ፕሮግራም አለ፣ ነፃ ነው።

ገንዘብ ላይ ስንመጣ ማውራት ይከብደኛል፣ ግን ካልነገርኳችሁ ጥፋት ነው። ወጣት ሳለሁ የአንድ ሙሉ አልበም ስትሪንግ ጻፍኩ። ፕሮዲዩሰሩ «አልበሙ ሲወጣ እንተሳሰባለን» አለኝ። ሰውየውን አምኜው ነበር። ተጫዋቾቹን ከኪሴ ከፈልኩ፣ ለዚያም ተበደርኩ። አልበሙ ወጣ። ስልኩ መነሳት አቆመ። የቤት ኪራይ ሁለት ወር አለፈኝ። ባለቤቴ አንድም ቀን አልተናገረችኝም፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ።

ከዚያ ወዲህ ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል እርሳስ አላነሳም። የተጫዋቾቹ ክፍያ በውሉ ላይ ለብቻው ይጻፋል፤ ከቀረጻው ቀን በፊት እጄ ይገባል፤ ቀረጻው ባለቀ ደቂቃ እዚያው ይከፈላል። ያ ብር የኔ አይደለም። በዚህ ከተማ ስማችሁ የሚቆመው በዚያ ብር ነው። የከፈላችሁት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ደውላችሁለት ይመጣል።

ውል ስትፈርሙ አንድ ተጨማሪ መስመር አስገቡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅንብርንም እንደ ሥራ ይጠብቃል። ግን በውል ሌላ ነገር ካልተባለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለመብት ያዘዘው ሰው ነው። ስለዚህ ስማችሁ አልበሙ ላይ እንዲጻፍ፣ ኖታው በሌላ መድረክ ሲሠራበት እንዲከፈላችሁ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አጽፉት። በኋላ «እኮ እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት አያዋጣም። የሌላ ሰው ዜማ ስታቀናብሩም የዜማው ባለቤት መፍቀዱን በወረቀት እዩ።

ስልክ የማይጠራበት ወር ይመጣል። በተለይ ዐቢይ ጾም ላይ የኔ ስልክ ዝም ይላል። ያን ጊዜ አስተምራለሁ፣ የሌላ ሰው ኖታ እገለብጣለሁ፣ ቪዮላዬን አወጣለሁ። መሣሪያችሁን አትተዉ። የማይጫወት አቀናባሪ ቀስት እንደሚያልቅ ቶሎ ይረሳል።

ከስቱዲዮ ስወጣ ሁልጊዜ ፓርቶቹን ሰብስቤ ወደ ቤት እወስዳለሁ። አልጋዬ ሥር ሦስት ካርቶን ሙሉ አለኝ። ተጫዋቾች በእርሳስ የጻፉበት ሁሉ እዚያ ነው፤ የተሰረዘ ቀስት፣ የተቀየረ ጣት፣ «ቀስ» የሚል ቃል። ባለፈው ሳምንት አንዱን አውጥቼ ሳይ 41ኛው ባር አጠገብ ቼሎ የምትጫወተው ልጅ «እዚህ ልተንፍስ» ብላ ጽፋለች። ቼሎ ለመጫወት ትንፋሽ አያስፈልግም። እሷ ግን ፈልጋዋለች። ቀረጻውን ከፍቼ ሰማሁት። ዘፋኟም የምትተነፍሰው እዚያው ላይ ነው። እኔ ስጽፈው አላየሁትም። ስኮሩን ከፈትኩና 41ኛው ባር ላይ ዕረፍት አስገባሁ።