ኮድ መጻፍ ለጀመራችሁ የጅማ ልጆች፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

ስለ ዌብና ሶፍትዌር ሥራ አጀማመር የሚከነክናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ፣ ከመርካቶ፣ ከጅሬን ሳይቀር ጥያቄ መጣልኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በየትኛው ቋንቋ ልጀምር? አንዱ ፓይተን ይለኛል፣ ሌላው ጃቫስክሪፕት፣ ሌላው ፒኤችፒ።

ዌብ ከሆነ ሐሳብህ፣ የገጹን ይዘትና መልክ በሚጽፉት በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ ላይ ትንሽ ቆይተህ ወደ ጃቫስክሪፕት ግባ። ብሮውዘር ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው፤ ከብሮውዘር ውጭ በሚያስኬደው በኖድ ደግሞ የሰርቨሩንም ሥራ ትጽፍበታለህ። ጎን ለጎን ዳታቤዝ የሚታዘዝበትን ቋንቋ ኤስኪውኤልን ተማር። ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል። እዚህ የሚከፈልበት ሥራ ግን አብዛኛው መረጃ መዝግቦ ሪፖርት ማውጣት ነው።

ጥያቄ፦ የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ሳልማር ማን ይቀጥረኛል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ የትምህርት ዓይነቱን በስም ስለሚጠቅስ እዚያ ይከብድሻል። የግል ድርጅት ግን በብዛት የሚያየው የሠራሽውን ነው። ደግሞ እህቴ፣ አንቺ ዴቢትና ክሬዲት ታውቂያለሽ። የፋርማሲ ስቶክ ለምን ከሒሳቡ ጋር እንደማይገጥም ይገባሻል። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረው ልጅ ይህን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። የጎደለሽን መሠረት ሲኤስ50 በሚባለው የሃርቫርድ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ሙዪው፤ ትምህርቱ በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው። መብራት ይሄዳል፣ ዳታም ውድ ነው።

ለዌብ ይበቃል። ቀለል ያለ ሊኑክስ ጫንበት፣ አንድሮይድ ስቱዲዮን ለጊዜው እርሳው። የኮድህን ለውጥ የሚመዘግብልህ ጊት ኮሚት ለማድረግ፣ ማለትም ለውጡን ለመመዝገብ፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ዋይፋይ ስታገኝ ፑሽ አድርገህ ወደ ኢንተርኔት ትልከዋለህ። ዴቭዶክስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የቋንቋዎቹን ማኑዋሎች አውርደህ ያለ ኔት ታነባለህ። መብራት ሲሄድ ደግሞ የምትሠራለት ሱቅም እንደሚጨልም አስብ። ሽያጩ ተመዝግቦ ስቶኩ ሳይቀነስ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ዳታቤዝ ላይ ትራንዛክሽን የሚባለው ለዚህ ነው፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ ወይ አንዱም አይጻፍም።

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ምን ሥራ አለ? አዲስ አበባ ካልገባህ አይሆንም ይሉኛል።

በብዛት የመጣው ጥያቄ ይሄ ነው፣ እኔም በደንብ ልመልሰው።

ዞር ዞር ብለህ እይ። የግል ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ ፋርማሲዎች፣ ሆቴሎች፣ ቡና አጣቢዎችና አቅራቢዎች አሉ። ብዙዎቹ ዛሬም በደብተር ወይም በኤክሴል ነው የሚሠሩት። 350 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ የተጻፈ ሲስተም ገዝተው ሳይጠቀሙበት የተዉትም አሉ። ሲስተሙ የሚሠራበትን ሰው ስለማያውቀው ነው።

አንድ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲስተም እንውሰድ። ጀማሪው የኢትዮጵያን ቀን ዳታቤዙ የቀን ዓምድ ውስጥ እንዳለ ይከተዋል። መስከረም ላይ ሁሉም ሰላም ነው። ጥቅምት 30 ሲደርስ ዳታቤዙ እምቢ ይላል፤ ሁለተኛ ወር ለእሱ ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ጃቫስክሪፕት የባሰ ነው፤ ዝም ብሎ ወደ ማርች ይገፋዋል፣ ማንም ሳያውቅ የክፍያው ቀን ይበላሻል። 13ኛ ወርማ ከነጭራሹ አያውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀኑን በጎርጎርዮስ አስቀምጥ፣ ለሰው ስታሳይ ወደ ኢትዮጵያ ቀይር። ብሮውዘሩ ራሱ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል።

ቀጥሎ ስም። የውጭ ቴምፕሌት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እዚህ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ፍለጋውም አለ። አንዱ ጸሐፊ «ሃይሉ»፣ ሌላው «ኃይሉ» ብሎ ሲመዘግብ ያው ተማሪ ሁለት ይሆናል። ከመፈለግህ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን ከነዘራቸው ወደ አንድ ፊደል አምጣ፤ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀንም እንዲሁ።

በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ ደግሞ ሁድሃ አለ፣ ያቺ በፊደሎች መካከል ከፍ ብላ የምትቀመጥ ጭረት (')። ኤስኪውኤሉን ጽሑፍ ከጽሑፍ እየቀጠልክ ከሠራኸው፣ እዚያ ጽሑፍ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዚያችው ምልክት ስለሆነ ያቺ ጭረት ጽሑፉን ቀድማ ትዘጋውና ምዝገባው ይወድቃል። ሰርጎ ገቦች ዳታቤዝ የሚዘርፉትም በዚሁ ቀዳዳ ነው። ተጠቃሚው የጻፈውን ከትእዛዙ ለይተህ በፓራሜትር አሳልፍ፣ ሁለቱም ችግር ይዘጋል።

ለወላጅ መልእክት ስትልክ ደግሞ አንድ ኤስኤምኤስ በላቲን 160 ፊደል ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ። ርዕሰ መምህሩ ሂሳቡ ለምን እንደበዛ ሲጠይቁ መልስ ሊኖርህ ይገባል።

ይህን ሁሉ አዲስ አበባም ያለ፣ ውጭም ያለ አሠሪ ይፈልገዋል። እዚሁ ሠርተህ የምታሳየው ሥራ ይዘህ ስትሄድ ደግሞ ወሬህ ሌላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት ነገር እዚህ ጨርስ። አሥር የተጀመረ ፕሮጀክት አንድ ያለቀን አያህልም።

ጥያቄ፦ ዋጋ እንዴት ልተምን? የአጎቴ ጓደኛ በነፃ ሥራልኝ ይለኛል።

በነፃ አትሥራ። ካስፈለገ ቀንስለት፣ ግን ይክፈል፤ ያልከፈለ ሰው አይጠቀምበትም። የሚሠራውንና የማይሠራውን በወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ ቀብድ ተቀበል፣ ቀሪውን በየደረጃው። «እግረ መንገድህን ይቺን ጨምርልን» ማለታቸው አይቀርም፤ ያኔ ወረቀቱን አውጣ። በየወሩ ለጥገና የሚከፈለውንም ከመጀመሪያው ተነጋገር።

ጥያቄ፦ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጦ ያድራል። ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?

እናቴ፣ የሠራውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ሥራ ከሆነ ባያልቅም የሚነካ፣ የሚከፈት ነገር ያወጣል። ሌሊት የሚቀመጠው የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ ሊሆን ይችላል። ግን ይተኛ፤ ሳይተኙ የጻፉትን ኮድ በማግሥቱ ማስተካከል ሌላ ቀን ይፈጃል።

ጥያቄ፦ ቻትጂፒቲ ኮዱን ከጻፈው እኛ ምን እንሠራለን?

የትምህርት ቤቱን ሲስተም ጻፍልኝ በለው። ይጽፋል። ስለ ጳጉሜ ካልነገርከው ግን ላያስብልህ ይችላል። ምን እንደሚጎድል የሚያውቀው ትምህርት ቤቱ ቢሮ ቁጭ ብሎ ሲመዘግቡ ያየ ሰው ነው። ተጠቀሙበት፣ እኔም እጠቀማለሁ። መጀመሪያ ግን ራሳችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ለምን እንዳልሠራ ጠይቁት። መስመር በመስመር ማስረዳት የማትችሉትን ኮድ ለደንበኛ አታስረክቡ።

ጥያቄ፦ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሰርተፊኬት አለኝ። ይበቃል? ኢንተርቪው ላይስ ምን ይጠይቁኛል?

ሰርተፊኬቱ ጥሩ ነው፣ ሲቪሽ ላይ ይግባ፤ ብቻውን ግን አያስቀጥርም። ብዙ ጊዜ ከሠራሽው አንዱን ከፍተው «ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ነው የሚሉሽ። አንድ ቀላል የኤስኪውኤል ጥያቄም አይጠፋም፤ ሁለት ሰንጠረዥ ማገናኘት ተለማመጂ። ያልገባሽን «አላውቀውም፣ ግን እንዲህ ብዬ አጣራዋለሁ» በይ። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ኮድሽን ያስቀመጥሽበትን የጊትሃብ ሊንክ በሌላ ሰው ስልክ ክፈቺው። ፕራይቬት (ለሌላ ሰው የተዘጋ) ሆኖ የቀረ ከሆነ ቀጣሪው የሚያየው ገጹ አልተገኘም የሚል መልእክት ነው።