«የበረዶ አገር» ለምን አከራከረን? ጥያቄና መልስ

የጃፓናዊው ደራሲ የያሱናሪ ካዋባታ «የበረዶ አገር» በሁለት ምሽት የሚያልቅ ልብ ወለድ ነው። በንባብ ማኅበራችን ያስነሣው ክርክር ግን እስካሁን አላለቀም። አንዳችን «እንደ ግጥም አነበብኩት» ሲል ሌላው «ምንም የተፈጸመ ነገር የለም» ብሎ ዘጋው። እኔ ደጋግሜ ስላነበብኩት ጥያቄዎቹ ወደ እኔ መጡ። ሁላችንም ያነበብነው በ1956 የታተመውን የኤድዋርድ ሳይደንስቲከርን የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰለቸኝ። አንድ ሀብታም በባቡር ይመጣል፣ ፍል ውኃ ካለበት መንደር ከአንዲት ጌሻ (እንግዶችን በዘፈንና በጨዋታ የምታስተናግድ ሴት) ጋር ይሰነብታል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ታሪኩ የት አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ታሪኩን ጨርሰህ ተርከኸዋል፤ ከዚህ የሚበልጥ የለውም። ካዋባታ ክፍሎቹን ከ1935 ጀምሮ በተለያዩ መጽሔቶች አወጣቸው፣ በ1937 በመጽሐፍ ሰበሰባቸው፣ ከዚያ በኋላም እስከ 1948 ድረስ ሲጨምርበትና ሲያርመው ቆየ። አንድ ላይ የተወጠነ ሴራ ስላልሆነ በየትኛውም ክፍል መጨረሻ ላይ ቢቆም ጎደለ አያሰኝም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው «አሁን አንድ ነገር ይፈነዳል» እያልኩ ግማሹን ጨረስኩ። መሰልቸትህን ግን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በጃፓን ዝነኛ ነው ይባላል። እንግሊዝኛው «ባቡሩ ከረጅሙ ዋሻ ወጥቶ ወደ በረዶው አገር ገባ» ነው የሚለው። ይህ ምኑ ያስደንቃል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በጃፓንኛው ባቡር የሚል ቃል የለም። «እኔ»ም «እሱ»ም የለም። ተቀራራቢው «የድንበሩን ረጅም ዋሻ ሲያልፉት የበረዶ አገር ነበር» ነው። ማን እንዳለፈው አይነግረንም። አንባቢው ጨለማው ውስጥ ከተሳፋሪው ጎን ተቀምጦ ሳለ ድንገት ነጩ ምድር ፊቱ ላይ ይዘረጋል። እንግሊዝኛ ያለ ባለቤት ዐረፍተ ነገር ስለማይቆምለት ሳይደንስቲከር ባቡሩን ባለቤት አደረገው። በዚህም ከፉርጎው አውጥቶ ከተራራው ማዶ አቆመን፤ ባቡሩ ሲመጣ ከሩቅ እናየዋለን።

እኔ አልፈርድበትም። እኛም ብንሞክረው ግሳችን «አለፈ»፣ «አለፈች» ወይም «አለፍን» ካላለ አይንቀሳቀስም። የተጠቀምኩበት «ሲያልፉት» «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ከሚለው ተረት የተዋስኩት ማምለጫ ነው። እሱም ቢሆን አላረካኝም፤ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ዋሻውን ያለፉ ይመስላል።

ዋሻው ደግሞ የምር አለ። በ1931 የተከፈተው፣ አሥር ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው የሺሚዙ ዋሻ ነው። ከቶኪዮ በኩል ክረምቱ ደረቅ ነው፤ ከተራራው ወዲያ ያለው የኒጋታ ምድር ግን በበረዶ ይዋጣል። የጃፓን አንባቢ በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ሀብታሙ ሺማሙራ «ጥሩ ሴት ነሽ» ቢላት ጌሻዋን ኮማኮን ምን አስቆጣት? ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ አልገባኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙዎቻችን የተሰናከልነው እዚያ ነው። መጀመሪያ «ጥሩ ልጅ ነሽ» ይላታል፤ ኋላ ያው ምስጋና «ጥሩ ሴት ነሽ» ሆኖ ይመጣል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በታማኝነት ተርጉሟቸዋል፤ ያልተሻገረው ቃሉ የሚነካው ቁስል ነው። ከደንበኛ አፍ ለጌሻ ሲነገር «ሴት» ማለት ገላዋን መመዘን ሊሆን ይችላል። እሷ የሰማችው ይህንን ነው፤ ሲስቅባት የኖረ መሰላት። የብር የፀጉር ጌጧን እየደጋገመች ምንጣፉ ላይ ስትወጋው ተመልከቺ። ካዋባታ ማብራሪያ አልጨመረም፤ ያቺን እጅ ብቻ አሳየን። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ መሆን አልነበረበትም፤ ልዩነቱ እዚህ ሰሙንም ወርቁንም የምትሰማው ተናጋሪው ሳይሆን አድማጯ መሆኗ ነው።

ጥያቄ፦ ሺማሙራን ጠላሁት። አጉል ንባብ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሚስቱን ቶኪዮ ትቶ የሚመጣ፣ በውርስ የሚኖር ሥራ ፈት ነው፤ በዓይኑ አይቶት ስለማያውቀው የምዕራባውያን ባሌ ዳንስ ይጽፋል። ኮማኮ ያነበበቻቸውን መጻሕፍት በማስታወሻዋ እንደምትመዘግብ ስትነግረው ወዲያው «ከንቱ ድካም» ይለዋል። ደራሲው ባሌውን የሰጠው በከንቱ አይመስለኝም፦ ሴቲቱንም የሚወዳት እንዲሁ፣ ከሩቅ ነው። በእኔ ግምት መጽሐፉን የወደዱትም የጠሉትም አባሎቻችን ሰውየውን በአንድ ዓይን ነው ያዩት። የተለያዩት፣ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ይህን ያህል ገጽ መቀመጥ ይቻላል ወይ በሚለው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ «ግጥማዊ» የምትሉት የደራሲው ነው የተርጓሚው?

መልስ፦ የቃላቱ ዜማ የተርጓሚው ነው፤ ምስሉ የደራሲው። ባቡሩ ውስጥ ሺማሙራ ጭጋግ በለበሰው መስኮት ላይ በጣቱ መስመር ሲያሰምር የአንዲት ሴት ዓይን ብቅ ይላል። ይደነግጣል፤ ለካ ከማዶ የተቀመጠችው ልጅ ነጸብራቅ ኖሯል። ቆይቶ ከተራራው የምትመጣ የሩቅ መብራት በመስታወቱ ላይ በዚያች ልጅ ፊት ታልፍና ከዓይኗ ብሌን ጋር ትገጥማለች። ይህ በየትኛውም ቋንቋ አይጠፋም። ሳይደንስቲከር በመግቢያው መጽሐፉን ሃይኩ ከሚባለው አጭር የጃፓን ግጥም ጋር ያዛምደዋል፤ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን አጠጋግቶ ዝም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ድንገት የተቆረጠ መሰለኝ።

መልስ፦ ያልጨረሳችሁ ይህን ዝለሉት። ሲኒማ ይታይበት የነበረው የሐር ትል ግምጃ ቤት ይቃጠላል፣ ያቺ የባቡሩ ልጅ ዮኮ ከላይ ትወድቃለች፣ ፍኖተ ሐሊብ ወደ ሺማሙራ ውስጥ ይፈስሳል። ትሙት አትሙት አይባልም። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ፤ ባለቤቴ መጽሐፉን ወርውራዋለች።

ጥያቄ፦ እንደገና ላንብበው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ የታሪኩ ጊዜ ቅደም ተከተል ከጠፋብህ እንደገና ሞክረው። መጽሐፉ የሚጀምረው በሺማሙራ ሁለተኛ ጉዞ፣ በክረምት ነው፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ሦስተኛው በመጸው ነው። ይህን ይዘህ ግባ። ያናደደህ ሺማሙራ ከሆነ ግን ተወው፤ ሁለተኛም ጊዜ አይሻሻልም። ካዋባታ ራሱ በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ይህንኑ መጽሐፍ ወደ ጥቂት ገጾች አሳጥሮታል፤ አጭሩ በ1972 ታትሟል። ረጅሙ ከከበደህ በአጭሩ ጀምር።