ቅጠሉን አይታችሁ አትመኑት

ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ አንድ ልጅ አገኘኝ። ገና ዘንድሮ ነው ተመርቆ የወጣው፤ የከተማ አረንጓዴ ልማት ላይ ተመድቧል። ሰላምታችንን ሳንጨርስ «ጋሼ፣ ሰሞኑን የወደቀው ዛፍ ቅጠሉ ለምለም ነበር። ታዲያ ምን ሆኖ ወደቀ?» አለኝ። «ሥሩ በስብሶ ነው» ብዬው ተለያየን። ቤቴ ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይችን የምጽፋት ለእሱ ነው፤ ለእናንተም።

ድሮ የምሠራው ኮምቦልቻ ነበር። ጠዋት ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። የመንገድ ዳር ዛፎች የእኔ ኃላፊነት ነበሩ። አንዱ መንገድ ላይ ትልልቅ ጃካራንዳዎች በረድፍ ቆመዋል፤ ሲያብቡ አስፋልቱ ሐምራዊ ይለብሳል። አንድ ቀን የውሃ ቱቦ ለመቅበር እነሱን ተከትሎ ቦይ ይቆፈር ጀመር። ከግንዶቹ የሚርቀው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ስደርስ አንድ ጎረምሳ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሥር በመጥረቢያ ይቆርጣል። ሥሩ የሰው ጭን ያክላል። የተቆረጠው ፊት እርጥብና ነጭ ነበር። ፎርማኑ መጥቶ «ጋሼ፣ ወደ መንገዱ እናርቀው እንዴ?» አለኝ። ልብ በሉ፣ ሰውየው ጠይቆኛል። ማራቅ ማለት አስፋልት መስበር ነው፤ ደብዳቤ መጻፍ፣ ፊርማ መለመን፣ ሦስት አራት ቀን መቆም ነው። እኔ ደግሞ ስብሰባ ነበረብኝ። «ግዴለም፣ ዛፉ ጠንካራ ነው፣ ሸፍኑት» አልኩ።

ዛፉ በሚቀጥለው ዓመት አበበ። ከዚያ በኋላም አበበ። እኔም ረሳሁት።

ከሥሩ ላስቲክ ወጥራ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች። በሦስተኛው ክረምት ይመስለኛል፣ ጠርታ ግንዱ ከመሬት የሚገናኝበትን አሳየችኝ። «ይኸው የጅብ ጥላ አበቀለ፤ ደግ ነው?» አለችኝ። እንደ መደርደሪያ ከግንዱ ወጣ ያለ፣ ላዩ ቡኒ፣ ታቹ ነጭ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ነበር። «ክረምት አይደል» ብዬ በጫማዬ መትቼ ጣልኩት። ቡናዬን ጠጥቼ ሄድኩ።

በዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ ዘንቦ፣ ሊነጋጋ ሲል ነፋስ መጣና ዛፉ ከነቅጠሉ ተገነደሰ። ላስቲኩን፣ አግዳሚውን፣ ስኒዎቹን ሁሉ ደፈጠጣቸው። ሴትየዋ ልጇ አሟት ስላደረ አርፍዳ ነው የተረፈችው። እንደደረስኩ የተገለበጠውን ሥር ዳሰስኩት። በቦዩ በኩል ያለው ጠቁሮ እንደ ራሰ ዳቦ በእጄ ተፈረፈረ። በወዲያኛው በኩል ያለው ጤነኛ ነበር። እሷ አጠገቤ ቆማ «አብሽሩ ጋሼ፣ ዋናው ነፍስ ነው» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ፣ ለጥያቄህ መልሱ ይኸው ነው። ዛፉን አቁመው የሚይዙት ከግንዱ አጠገብ ያሉት ወፍራም ሥሮች ናቸው። ውሃና ምግብ የሚስቡት ደግሞ ራቅ ብለው የተሰራጩት ቀጫጭኖቹ ናቸው። ያ የጅብ ጥላ የበቀለበት ፈንገስ በቁስሉ ገብቶ ወፍራሞቹን ዓመታት ወስዶ ሲበላቸው፣ በቀሩት ሥሮች በኩል ውሃው መሄዱን አያቆምም። ስለዚህ ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ከታች የያዘው ነገር ላይኖር ይችላል። ሥር ወደ ታች ብቻ ይወርዳል የሚባለውም ልክ አይደለም። አብዛኛው ከላይ ባለው አንድ ሜትር ባልሞላ አፈር ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ ጎን ግን ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። የዛፍ ቁስል ደግሞ እንደ እኛ ቆዳ አይሽርም። ዛፉ ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋዋል እንጂ የተጎዳው እንጨት ተመልሶ አይታደስም።

አያቴ በረሃማው በኩል፣ ወደ ባቲ መውረጃ፣ ትልቅ ሾላ ነበራቸው። ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ዱኣ የሚደረገው እዚያ ሥር ነው። ሲያርሱ በሬዎቹን ከሾላው ብዙ እርምጃ አርቀው ያዞሯቸዋል። አንድ ጊዜ ሥሩን በዶማ ስነካካ አይተው የጮኹብኝ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም።

የዛሬ ልጆች መትከል ትወዳላችሁ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ችግኝ ያልያዘ ወጣት አላየሁም፤ ደስ ይላል። ግን ችግኙን ይዞ ፎቶ የሚነሳው ሁሉ አርባና ሃምሳ ዓመት የቆመውን ዛፍ አንገቱ ድረስ በሲሚንቶ ሲታነቅ ዝም ብሎ ያልፋል። ትዕግስት የላችሁም እላለሁ ሁልጊዜ። ይሄ ልጅ ግን ጠየቀ፤ እኔ በእሱ ዕድሜ አልጠየቅኩም።

ቦይ ሲቆፈር ቁሙና እዩ። ክረምት ላይ ወደ ላይ ሳይሆን ግርጌውን እዩ፤ የጅብ ጥላ ካለ፣ ዛፉ አዲስ ዘመም ካለ፣ ካዘመመበት በተቃራኒ አፈሩ ከተሰነጠቀ፣ ነገ አትበሉ። ዛፍ አይቆረጥም ብዬ ስከራከር ኖሬያለሁ፤ አሁንም እከራከራለሁ። ሥሩ ያለቀ ዛፍ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ካለ ግን ይቆረጥ።

ከዚያ ረድፍ ሁለቱ እስካሁን ቆመዋል። ቦዩ በእነሱም አጠገብ አልፏል። ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ልጁም እመጣለሁ ብሏል። ግንዱን መትተን ድምፁን የምንሰማበት የእንጨት መዶሻና ግርጌውን የምንወጋበት ቀጭን ብረት እኔ ጋ አለ።