ጥያቄና መልስ፦ ጥቂት ወዳጅ ያለው ጨዋታ በሙሉ ዋጋ ይሸጣል?

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እንጀራዬ ለቪዲዮ ጨዋታ አከፋፋዮች የዋጋና የሽያጭ ዕቅድ ማዘጋጀት ነው። የፍልሚያ ጨዋታና በተራ የሚካሄድ የጦር ስልት ጨዋታ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ሰሞኑን “ዘውጉ (የጨዋታው ዓይነት) ጠባብ ከሆነ 60 ወይም 70 ዶላር ማን ይከፍላል?” የሚለው ክርክር ስለበዛ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። የተሸጠ ቅጂ ብዛት ትርፍ ማለት አይደለም። በወርሃዊ ክፍያ የተጫወተውንም ሰው ከገዢው ጋር አትደምሩት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለጆይስቲኩ፦ ጋሼ፣ በአጭሩ ይሸጣል ወይስ አይሸጥም?

መልስ፦ ይሸጣል። ችግሩ ያለው አምራቹ ምን ያህል ገንዘብ አውጥቶበታል የሚለው ላይ ነው። 300 ሺህ ቅጂ አንዱን ድርጅት ያበለጽጋል፣ ሌላውን ያዘጋል።

የሐዋሳ ልጅ፦ ዋጋው 20 ዶላር ቢሆን ግን ብዙ ሰው አይሞክረውም ነበር?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የፊንላንዱን ሃውስማርክ ተመልከት። ለዓመታት በጥይት ውርጅብኝ መካከል እየተሽሎከለኩ የሚተኩሱባቸውን፣ የድሮውን የሳንቲም ማሽን መንፈስ የያዙ ጨዋታዎች ሲሠራ ኖረ። በ2017 ኔክስ ማኪናን በ20 ዶላር ገደማ አወጣ። ተቺዎች አወደሱት፣ ገበያው ግን ፊቱን አዞረበት። በዚያው ዓመት ድርጅቱ የዚህ ዓይነት ጨዋታ ዘመን ማብቃቱን በይፋ ተናገረ።

በኤፕሪል 2021 ግን ሪተርናልን ይዞ መጣ፤ ዋጋው 70 ዶላር። የጥይቱ ውርጅብኝ አልቀረም፣ ስትሞት ከመጀመሪያው የምትጀምርበት ጭካኔም አለ። የተለወጠው ሌላ ነው። ከላይ ወደ ታች ይመለከት የነበረው ካሜራ ወርዶ ከገጸ ባሕርይዋ ትከሻ ጀርባ ቆመ። ሚስጥር ያለው ታሪክ ተጨመረ። በባዕዱ ፕላኔት ላይ ዝናብ ሲዘንብ ጠብታው በእጅህ በያዝከው መቆጣጠሪያ ውስጥ በስሱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማሃል። እስከ ጁላይ አጋማሽ 560 ሺህ ቅጂ ተሸጠ፤ ያውም ፕሌይስቴሽን 5 እንደ ልብ በማይገኝበት ወቅት። በጁን ሶኒ ድርጅቱን ጠቅልሎ ገዛው።

የ20 ዶላሩ ሳይሸጥ ቀርቶ የ70 ዶላሩ ተሸጠ። ጨዋታውን ለማይፈልግ ሰው ዋጋ መቀነስ ምንም አይለውጥለትም። ለሚፈልገው ሰው ደግሞ 70 ዶላሩ የሚያስቆጨው ገንዘቡ የገባበትን ነገር በስክሪኑ ላይ ካላየ ነው።

ሌሊት ተጫዋች፦ ጌም ሥራ ያዋጣል?

መልስ፦ የቱ ጨዋታ? በማን ገንዘብ? በየትኛው ገበያ? ጥያቄህን አስተካክለህ ላክልኝ።

የሲያትሏ፦ ኤልደን ሪንግ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው 12 ሚሊዮን ቅጂ ሸጧል። ከዚህ በኋላ ምን ያከራክረናል?

መልስ፦ የ2022ቱን ድል ከ2009 ጀምረሽ ቁጠሪው። ኤልደን ሪንግን የሠራው ፍሮም ሶፍትዌር ያን ጊዜ የሠራው አስቸጋሪው ዲመንስ ሶልስ ጃፓን ውስጥ ሲወጣ አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ገንዘቡን ያወጣው ሶኒ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ሊያከፋፍለው አልፈለገም። አሜሪካ ያስገባው አትለስ የተባለ ሌላ አከፋፋይ ነው። ፍሮም ሶፍትዌር ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ጨዋታ ደንበኛ እየጨመረ 13 ዓመት ተጓዘ። “እኛም እንደ ኤልደን ሪንግ እንሸጣለን” የሚል ዕቅድ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው አሥራ ሦስቱን ዓመት የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው።

ተኳሹ፦ ይቅርታ፣ ኤልደን ሪንግ ጠባብ ዘውግ አይደለም። ፈረስ፣ ሰይፍ፣ ሰፊ ሜዳ፤ ይህ የሁሉም ሰው ጨዋታ ነው።

የሲያትሏ፦ የመጀመሪያው ኃያል ጠላት አሥር ጊዜ ሲገድልህ የሁሉም ሰው ጨዋታ አትለውም ነበር።

ተኳሹ፦ ቀላል ደረጃ ቢጨምሩበት ኖሮ ሽያጩ እጥፍ ይሆን ነበር።

ቡጢ፦ በፍጹም! የዚያው የፍሮም ሶፍትዌር ሴኪሮም ቀላል ደረጃ የለውም፤ እስከ 2023 ድረስ ግን 10 ሚሊዮን አልፏል። ክብደቱን ካነሳህለት ሰው የሚያወራለት ነገር ያጣል።

ተኳሹ፦ እጁ የሚያመው ሰውስ? እኔ ታናሽ ወንድሜን አስቤ ነው የምናገረው።

መልስ፦ ተኳሹ ያነሳኸው የወንድምህ ጉዳይ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ራሱን ችሎ ቢነሳ እኔም እሳተፋለሁ። እዚህ ግን ስለ ዋጋ ነው የምንነጋገረው። ወደዚያው እንመለስ።

ቡጢ፦ እንግዲያውስ የፍልሚያ ጨዋታስ? ጓደኞቼ ሁሉ ሞቷል ይላሉ።

መልስ፦ ሞቷል የሚሉት ስትሪት ፋይተር 5 ሲወጣ የነበረውን አስታውሰው ነው። በፌብሩዋሪ 2016 በ60 ዶላር ቀረበ። ብቻውን መጫወት የሚፈልግ ሰው ሳጥኑን ሲከፍት ከኮምፒውተሩ ጋር በተከታታይ የምትፋለምበት የድሮው የአርኬድ ውድድር እንኳ የለም! አምራቹ ካፕኮም እስከ ማርች መጨረሻ 2 ሚሊዮን አቅዶ 1 ነጥብ 4 ሚሊዮን ላይ ቀረ። የአርኬዱ ውድድር የተጨመረው በ2018 መጀመሪያ ነው። ሰው የተናደደው በዘውጉ ሳይሆን ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ጎደሎ ዕቃ በመቀበሉ ነበር።

በጁን 2023 ስድስተኛው ወጣ፤ ዋጋው ያው 60 ዶላር። ካፕኮም ምን እንዳደረገ በዝርዝር ላሳያችሁ። በነባሩ አያያዝ የተፋላሚውን የሪዩን የእጅ እሳት ለመወርወር ማንሻውን ወደ ታች፣ ከታች ወደ ፊት አሰልለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት ገፍተህ ቡጢውን በዚያችው ቅጽበት መጫን አለብህ። ይህን ለመልመድ አንዳንዱ ሳምንታት ይፈጅበታል። በአዲሱ አያያዝ እሳቱ በአንድ ቁልፍ ይወጣል። ነባሩን የሚመርጥ ግን አልተከለከለም፤ እንዲያውም በእጁ በትክክል ለሚሠራው ሰው ምቱ ይበረታለታል። በተጨማሪ የራስህን ተፋላሚ ፈጥረህ ከተማ ውስጥ እየተዘዋወርክ የምትጫወተው ረጅም ጉዞ አለ። በቀናት ውስጥ 1 ሚሊዮን፣ በአንድ ወር ገደማ 2 ሚሊዮን አለፈ። በሩን አሰፉት እንጂ ቤቱን አላፈረሱም።

ኔንቲዶም በተራ በሚካሄደው የጦር ስልት ጨዋታ በፋየር ኤምብለም ያደረገው ይህንኑ ነው። በ2012 የወጣው አዌክኒንግ 250 ሺህ ቅጂ ካልተሸጠ ተከታታዩ እንዲቋረጥ ተወስኖ ነበር። የወደቀ ወታደር በሚቀጥለው ውጊያ የሚመለስበትን አማራጭ ለአዲስ ሰው አቀረበ፤ የሞተው እንደሞተ የሚቀርበትንም ለነባሩ ተጫዋች አስቀረለት። ከተባለው በብዙ እጥፍ ተሸጠ።

ካርድ መዛዥ፦ የማርቭል ሚድናይት ሰንስ ግን በዚያ ሁሉ ዝና ለምን ወደቀ?

መልስ፦ አሁንም የሚያንገበግበኝ ጨዋታ ነው። የማርቭል ጀግኖች በካርድ፣ በተራ የሚፋለሙበት ነው። የሠራው ኤክስኮም የተባለውን በተራ የሚካሄድ የጦር ስልት ጨዋታ የሠራው ፊራክሲስ ነው፤ በዲሴምበር 2022 በሙሉ ዋጋ ወጣ፤ የተጫወተው ሁሉ አመሰገነው። የአከፋፋዩ የቴክ ቱ ሥራ አስፈጻሚ ስትራውስ ዘልኒክ የወጣበት ጊዜ የተመረጠ እንዳልነበር ጠቁሟል። እኔ ጉዳዩን ከቀን መቁጠሪያ አልፌ ነው የማየው። የስፓይደርማን ስም የሳበው ሰው ካርድ እየመዘዘ ተራውን መጠበቅ አልፈለገም። የኤክስኮም ወዳጅ ደግሞ ወታደሩ ለዘላለም የሚሞትበትን ስጋት ነበር የሚወደው፤ እዚህ ጀግኖቹ ወድቀው ይነሳሉ። ለሁለት ደንበኛ የታሰበው ጨዋታ በሁለቱም መካከል ቀረ። ትልቅ ስም መከራየት ወጪውን ከፍ ያደርገዋል፤ ወጪው ሲጨምር ደግሞ ጨዋታው መሸጥ ያለበት ቅጂ አብሮ ይጨምራል። ጠባብ ዘውግን የሚገድለው ይህ ነው።

ባለጆይስቲኩ፦ ስለዚህ ዞሮ ዞሮ ይሸጣል ነው የሚሉን?

መልስ፦ መጀመሪያ ላይ መልሼልሃለሁ፤ ከላይ አንብበው።

ከዱባይ፦ ባልዱርስ ጌት 3ን ረሱት? ጌም ፓስ ላይ ሳይገባ ነው የሸጠው።

መልስ፦ አልረሳሁትም፤ በወርሃዊ ክፍያ ጨዋታ የሚቀርብበትን ጌም ፓስን ለይተህ ማንሳትህም ጥሩ ነው። የቤልጂየሙ ላሪያን በ2013 ለዲቪኒቲ ኦሪጂናል ሲን ከሕዝብ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ መዋጮ ሰብስቦ ነበር። በኦክቶበር 2020 ውጊያው በተራ የሚካሄደውን የባልዱርስ ጌት 3ን የመጀመሪያ ምዕራፍ ብቻ፣ ገና ያላለቀ መሆኑን ሳይደብቅ፣ በሙሉ 60 ዶላር ሸጠ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ገዛው! እነዚያ ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ ጉድለቱን እየነገሩት ሠራ፤ በኦገስት 2023 ሲያልቅ ዓለም ሁሉ ያወራለት ጀመር። በተራ የሚካሄድ ውጊያ ያረጀ ነው ሲሉ የነበሩ አከፋፋዮች ቢያስቡበት ደግ ነው።

ገበሬው፦ ትራክተር የሚነዳበት ፋርሚንግ ሲሙሌተርስ? ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

መልስ፦ ይሳቁ። በኖቬምበር 2024 የወጣው በመጀመሪያው ሳምንት 2 ሚሊዮን ቅጂ ሸጧል። የጆን ዲርና የፌንት ማሽኖች በእውነተኛ ስማቸው ገብተዋል፤ ያንን የሚያህል ነገር ሌላ ቦታ አታገኝም። የኮምፒውተር ቅጂው ዋጋ ግን 70 ሳይሆን 50 ዶላር መሆኑን ልብ በል። የፈረንሳዩ ሳንድፎልም በ2025 ውጊያው በተራ የሚካሄደውን ኤክስፔዲሽን 33ን ያወጣው በ50 ዶላር ነው፤ በሦስት ቀን 1 ሚሊዮን ደረሰ። ከ70 በ20 ዶላር የምታንስ ይህቺ ዋጋ ለጠባብ ዘውግ ምቹ ቦታ ናት።

ተኳሹ፦ ጌም ፓስ ላይም ነበር እኮ ኤክስፔዲሽን 33፤ እነዚያን ብንደምር...

መልስ፦ አትደምር። አንድ ሚሊዮኑ የተሸጠ ቅጂ ነው። መጀመሪያ ላይ ያልኩትን መልሼ ልበል፦ በወርሃዊ ክፍያ የተጫወተ ሰው ገዢ አይደለም።

ሌሊት ተጫዋች፦ ዶላር ከ100 ብር በላይ በሆነበት አገራችን ማን ነው 70 ዶላር የሚከፍለው?

መልስ፦ ጥቂት ሰው። በየሰፈሩ ባለው ፕሌይስቴሽን ቤት የሚከፈለው ለጨዋታው ወይም ለሰዓቱ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚፎካከሩበት እግር ኳስና ፍልሚያ ይነግሣል። ብቻህን ተቀምጠህ መቶ ሰዓት የምትጨርስበት ጨዋታ ለዚያ ቤት አይሆንም። ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው ገበያ ውጭ ነው።

ከዱባይ፦ ለልጄ የትኛውን ኮንሶል ልግዛለት?

መልስ፦ ጓደኞቹ ያላቸውን። ወደ ርዕሳችን።

ኮድ ጸሐፊው፦ ጋሼ፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ በተራ የሚካሄድ የጦር ስልት ጨዋታ ለኮምፒውተር እየሠራን ነው። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ የኢንተርኔት ሱቅ ላይ በ60 ዶላር ብናወጣውስ?

መልስ፦ አታድርጉት። ሂሳቡን እይ። 10 ሺህ ቅጂ በ60 ዶላር 600 ሺህ ነው። ስቲም 30 በመቶውን ሲወስድ 420 ሺህ ይቀርሃል፤ ግብሩና ቅናሹ ከዚያ ላይ ይነሳል። ገዢው ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወተ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። 60 ዶላር የከፈለ ሰው በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ውስጥ የሚጠብቀው ድምፅ፣ ሥዕልና የተዋንያን ሥራ ሦስት ሰው የሚያደርሰው አይደለም፤ ባልዱርስ ጌት 3ን ከ400 በላይ ሰው ነው የሠራው።

የመጀመሪያውን ውጊያችሁን በሃያ ደቂቃ ውስጥ አድርሱት። በትርፍ ጊዜያችሁ የምትሠሩት ከሆነና ደመወዝ የምትከፍሉት ሰው ከሌለ በ20 እና በ25 ዶላር መካከል እጀምር ነበር። የቅናሽ ወሬ በመጀመሪያው ወር አታንሱ፤ ቀድሞ የገዛችሁ ሰው ይቀየማል። ስንት ወር እንደቀራችሁና እስካሁን ከኪሳችሁ ምን እንደወጣ ጻፍልኝ፤ ስንት ቅጂ መሸጥ እንዳለባችሁ አብረን እናሰላዋለን።